ኖራ፣ መስኮትና የበር ቁጥሮች፦ የሌድሮይት ፓርክ ቤታችን የጥገና ማስታወሻ

ማርች

ቤቱ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሌድሮይት ፓርክ ነው። ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሥር፣ ከዩ ስትሪት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በእግር የሚደረስ ሰፈር። ቀይ ጡብ፣ ሁለት ፎቅና ምድር ቤት፣ ሁለቱም ጎኑ ከጎረቤት ቤት የተጣበቀ። የተሠራው በ1890ዎቹ መጀመሪያ ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ከታላቅ ወንድሜ ጋር ተካፍለን ገዛነው፤ እነሱ ታች፣ እኛ ላይ።

ኢንስፔክተሩ የጻፈው ባጭሩ፦ የኋላ ግድግዳ ጡብ ፊቱ እየተላጠ ነው፤ መስኮቶቹ አይከፈቱም፤ የላይኛው መኝታ ቤት ኮርኒስ አብጧል፤ ኤሌክትሪኩ ከፊሉ የጥንት ሽቦ ነው። ለጥገና የያዝነው 60 ሺህ ዶላር። በዚህ ከተማ ዋጋ ይህ ለአንድ ዘመናዊ ኩሽና እንኳ የማይተርፍበት ጊዜ አለ።

መዶሻ ከማንሳታችን በፊት ወረቀት ፈለግን። ዲሲ ከ1877 ጀምሮ የግንባታ ፈቃድ መዝገብ አላት፤ በማይክሮፊልም ተቀምጧል፣ ማንም ሰው ገብቶ ማየት ይችላል። የኛን አገኘነው። አንድ ገጽ፦ የቤቱ ስፋት፣ ፎቁ፣ የጣሪያው ዓይነት ቆርቆሮ፣ ግምቱ ጥቂት ሺህ ዶላር። የዚያ ዘመን የኢንሹራንስ ካርታም አለ፤ ጡብ ቤት በሮዝ፣ እንጨት ቤት በቢጫ ቀለም ተለይቶ የተሳለበት። የኋላው ማጀት በኋላ የተጨመረ እንጂ ከመጀመሪያው ያልነበረ መሆኑን ያወቅነው ከሱ ነው። በአጠቃላይ ወጪ፦ የፎቶ ኮፒ ዋጋ።

ሰፈሩን የቆረቆሩት ባርበር እና ላንግደን የሚባሉ ሁለት ሰዎች በ1873 ሲሆን የመጀመሪያዎቹን ቤቶች የነደፈው ጄምስ ማክጊል ነው። ዙሪያውን በአጥር ከልለው ለነጮች ብቻ ሸጡት። በሰሜን በኩል የነበሩት ጥቁሮች መሃል ከተማ ለመድረስ አጥሩን መዞር ነበረባቸው። በ1888 አጥሩ ተገነጠለ፣ እንደገና ታጠረ፣ በ1891 ተነሥቶ ቀረ። በ1893 በአሜሪካ ምክር ቤት ሕንፃ (ካፒቶል) ፀጉር አስተካካይ የነበረው ኦክታቪየስ ዊሊያምስ የመጀመሪያው ጥቁር ነዋሪ ሆኖ ገባ። ብዙም ሳይቆይ ሰፈሩ የሃዋርድ መምህራን፣ የሐኪሞችና የጠበቆች ሆነ። የጥቁሮችና የሴቶች መብት ታጋይዋ ሜሪ ቸርች ቴሬል የኖረችበት ቤት ቲ ስትሪት ላይ ዛሬም ቆሞ አለ። በዚያው መንገድ ላይ አና ጁሊያ ኩፐር ኖራለች፤ በባርነት ተወልዳ በ1925 ከፓሪስ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬት ያገኘች ሴት፣ ቤቷን ለሠራተኛ አዋቂዎች ትምህርት ቤት ያደረገች።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ሥራው ስለሚፈልገው ነው። የኛ ቤት የተሠራው አጥሩ በሚነሣበት ሰሞን ነው። ስለዚህ "ወደ ቀድሞ መልኩ እንመልሰው" ስንል የትኛው ቀድሞ? የመጀመሪያው ባለቤት የኖረበት ጥቂት ዓመት ነው ወይስ ከሱ በኋላ የመጣው መቶ ዓመት? ወንድሜ "መጀመሪያ ውሃው መፍሰሱን ያቁም" አለ። ትክክል ነው።

ኤፕሪል፦ ሕጉና ግቢው

ሰፈሩ በ1974 በብሔራዊ የታሪክ መዝገብ ገብቷል። በከተማው የ1978 ሕግ ደግሞ የውጪውን መልክ ለመቀየር ፈቃድ ያስፈልጋል፦ መስኮት፣ በር፣ ጣሪያ፣ ደረጃ። ውስጡን ግን ሕጉ አይነካውም። ልስኑን፣ የእሳት ምድጃውን፣ የደረጃውን መደገፊያ፣ በሮቹን ብንፈልግ ነገ በገልባጭ መኪና ጭነን መጣል እንችላለን፤ ማንም አይጠይቀንም። በአካባቢው እንደዚያ የሆኑ ቤቶች አሉ። ፊታቸው የ1890፣ ከበሩ በኋላ ግን የሆቴል ክፍል። እኔ ግማሹ የጠፋ ቅርስ ነው የምለው፣ ወንድሜ "የሚኖርበት ሰው ይወስን" ይላል።

ያልጠበቅነው ነገር፦ የፊት ግቢያችን የኛ አይደለም። በ1870 የወጣ ሕግ ሰፋፊ መንገዶችን ለማጥበብ ከመንገዱ ጠርዝ ቆርሶ ለአትክልት አዋለው፤ መሬቱ ግን የሕዝብ ሆኖ ቀረ። በ1871 ደግሞ ቤት ሠሪዎች ወደዚያው መሬት ገፍተው መስኮታማ ግንብ እንዲያወጡ ተፈቀደ። ዋሽንግተን ውስጥ ከቤት ፊት ወጣ ወጣ ያለ መስኮት የበዛው በዚህ ምክንያት ነው። የኛ ሳሎን ሦስት ጫማ ያህሉ በከተማው መሬት ላይ ነው የተቀመጠው። የብረት ደረጃውን ለመጠገን የሕዝብ ቦታ ፈቃድም ጠይቀናል።

ግብርን በተመለከተ፦ የፌዴራሉ 20 በመቶ የቅርስ ጥገና ማበረታቻ የሚሰጠው ገቢ ለሚያስገኝ ሕንፃ ነው። ለሚኖሩበት ቤት አይሆንም። ከበጀቱ ሠረዝነው።

ሜይ፦ የኋላ ግድግዳ

ከእኛ በፊት የነበረ ባለቤት የኋላ ግድግዳውን የጡብ መገናኛ በሙሉ በፖርትላንድ ሲሚንቶ ሞልቶታል። ከሩቅ ያምራል። ችግሩ እዚያው ነው። የዚያ ዘመን ጡብ በዝቅተኛ ሙቀት የተተኮሰ ለስላሳ ጡብ ነው፤ የተገነባው በኖራና አሸዋ ነው። ዝናብ ግድግዳው ውስጥ ሲገባ በኖራው መገናኛ በኩል ተንኖ ይወጣል። መገናኛው ሲሚንቶ ከሆነ መውጫ ያጣል፣ ጡቡ ውስጥ ይቀመጣል፣ ክረምት ላይ በረዶ ሆኖ ሲያብጥ የጡቡን ፊት ገንጥሎ ይጥለዋል። ኋላ ላይ መገናኛው እንደ ጥልፍልፍ ፍሬም ቆሞ ይቀራል፣ ጡቡ ወደ ውስጥ ተበልቶ።

አንድ ሥራ ተቋራጭ መጥቶ 22 ሺህ ዶላር ጠየቀ፦ በአሸዋ ግፊት ማጠብ፣ በሲሚንቶ መሙላት፣ ቀለም መቀባት። ሦስቱም ጡቡን የሚገድሉ ናቸው። አሸዋ ግፊቱ በእሳት የጠነከረውን የላይኛውን ቆዳ ገፎ ውስጡን ለዝናብ ይሰጣል።

አጎቴን ከሲልቨር ስፕሪንግ ጠራናቸው። ጎንደር ያደጉ፣ ዕድሜያቸውን በግንበኝነት የጨረሱ ሰው ናቸው። ግድግዳውን በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ አደረጉና፣ "ይኼማ የፋሲል ግቢ በሽታ ነው" አሉ። እውነታቸውን ነው። የፋሲል ግንብ በኖራ ነው የተሠራው፤ በጣሊያን ወረራ ጊዜ በሲሚንቶና በአርማታ ጠገኑት፣ በኋላ በተደረገው ጥገና ያን አንሥተው በኖራ ለመተካት ተደከመ። "አንተ ልጅ፣ ኖራ ግዛ፣ የቀረውን ለኔ ተወው" አሉኝ።

ቀጥሎ ሙከራ። ከመገናኛው ሲሚንቶ ያልነካውን የጥንቱን ሞርታር (የጡብ ማያያዣ ቅልቅል) ቁራሽ ወስደን ፈጭተን አሲድ ውስጥ ጨመርነው። ኖራው ፈልቶ ጠፋ፣ አሸዋው ከሥር ቀረ። ቢጫ ወደ ቡናማ የሚያደላ፣ ደቃቅና ሻካራ የተቀላቀለበት። በፕላስቲክ ከረጢት ይዘን አሸዋ ሻጭ ጋ ሄድን፣ ቀረብ ያለውን መርጠን ገዛን። ይህን ሳያደርጉ የሞሉት መገናኛ ቀለሙ ለየት ብሎ ዕድሜ ልክ ይታያል።

ጁን

ሲሚንቶውን ማውጣት። ለመቁረጥ የቀጠርነው የቀን ሠራተኛ አይናችንን ዞር ስናደርግ ግራይንደር አስነሣ፤ በአንድ ጥግ ላይ የጡቡን ጠርዝ ከላይ እስከ ታች በላው። አሁን መገናኛው እዚያ ቦታ እጥፍ ሰፍቷል። ከዚያ ወዲህ መዶሻና ጠባብ መሮ ብቻ። ጥልቀቱ የመገናኛው ስፋት ሁለት እጥፍ ወይም ከዚያ በለጥ ያለ መሆን አለበት፣ አለዚያ አዲሱ ሞርታር አይይዝም። እጅ ያቃጥላል፣ ቀን ሙሉ ተሠርቶ የሚታየው ትንሽ ነው።

የመጀመሪያውን የናሙና ቦታ በተፈጥሮ ሃይድሮሊክ ኖራ (ከውሃ ጋር ሲገናኝ የሚጠነክር ኖራ) ሞከርን፣ ጥንካሬው 3.5 የሚባለውን። ጥሩ ያዘ፤ ግን ሲደርቅ ግራጫ ሆነ፣ ለዚህ ጡብም አጎቴ እንዳሉት "ትንሽ ይጠነክርበታል"። ሁለተኛውን ከውሃ ጋር ተዋሕዶ በባልዲ በከረመ የኖራ ሊጥ ሠራን፤ አንድ ኖራ ለሦስት አሸዋ። ቀለሙ ገጠመ። አንዱ ባልዲ 70 ዶላር ያህል ነው። መስኮት ሥርና ከመሬት ቅርብ ያለውን፣ ውሃ የሚበዛበትን፣ በሃይድሮሊኩ፤ የቀረውን በሊጡ።

ፀሐዩ ግን ጉድ ሠራን። የዋሽንግተን በጋ ያደርቀዋል፣ ኖራ ደግሞ ቀስ ብሎ ከአየር ጋር እየተዋሐደ ነው የሚጠነክረው። አንዱ ክፍል በጣት ሲነካ ዱቄት ሆነ። አውጥተን ደገምነው። አሁን ጡቡን አስቀድመን እናረጥባለን፣ ከሞላን በኋላ እርጥብ ጆንያ እናለብሳለን፣ ጠዋትና ማታ ውሃ እንረጫለን። ጎረቤት ግድግዳ የምናጥብ መስሎታል።

ፊታቸው የተላጡትን ጡቦች ለመተካት አሮጌ ጡብ ፍለጋ ከመዞራችን በፊት አጎቴ አንዱን ነቅለው አዞሩት። የውስጡ ፊት አዲስ ነው! ብዙዎቹን እንደዚያው አዙረን መለስናቸው። የገዛነው ጡብ ጥቂት ነው።

የፊት ግድግዳውን አልነካነውም። እሱ ሌላ ዓለም ነው፤ በማሽን የተጫነ ለስላሳ ፊት ያለው ጡብ፣ መገናኛው ቅቤ እንደተቀባ ቀጭን፣ ከአንድ ስምንተኛ ኢንች የማይበልጥ። እዚያ ውስጥ መሮ ማስገባት ጠርዙን መስበር ነው። ከሁለት ቦታ በቀር ደህና ነው፤ ደህና የሆነ ነገር ይቀመጥ።

ጁላይ፦ መስኮቶች

መጀመሪያ የቀለም ምርመራ። አሜሪካ ለመኖሪያ ቤት ሊድ (ለልጆች አደገኛ የሆነ መርዛማ ብረት) ያለበትን ቀለም የከለከለችው በ1978 ነው፤ ከዚያ በፊት የተቀባ ነገር ሁሉ ይጠረጠራል። መመርመሪያው ወዲያው ቀላ። ልጆቹ እህቴ ጋ ሄዱ። ወለሉ ላይ ላስቲክ፣ ሄፓ ማጣሪያ (ደቃቅ አቧራ የሚይዝ) ያለው ቫኪዩም፣ ማስክ፤ ደረቅ ብርጭቆ ወረቀት ክልክል፣ እሳት ክልክል። ከ2010 ጀምሮ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ለተከፋይ ተቋራጮች ግዴታ ነው። ለቤት ባለቤት ግዴታ ባይሆንም ልጅ ያለው ሰው ግዴታ ያድርገው። ከሥራው በኋላ ልጆቹን ደም አስመረመርናቸው፤ ደህና ናቸው።

መስኮት ሻጩ ሁሉንም ነቅሎ በአዲስ ለመቀየር 19 ሺህ ጠይቆ ነበር፤ መስኮቶቹ 13 ናቸው። የከተማው የቅርስ ጥበቃ ቢሮ ፊት ለፊት ለሚታዩት ፕላስቲክ ባይፈቅድም ለኋላዎቹ ብዙም አይጨነቅም። ወንድሜ ለኋላዎቹ አዲስ እንዲሆን ፈልጎ ነበር። ተከራከርን። አንዱን ነቅለን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥነው፤ ክርክሩን የጨረሰው መስኮቱ ራሱ ነው።

እንጨቱ ከጥንት ደን የተቆረጠ ጥድ ነው፤ የዕድሜ ቀለበቶቹ ተጠጋግተው ለመቁጠር ያስቸግራሉ። በዚያ ሁሉ ዓመት የበሰበሰው ከታች ጥግ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ክፍል ተለይቶ ይወጣል፦ መስተዋቱ፣ ስቱኮው፣ ገመዱ፣ በግድግዳው ኪስ ውስጥ የተንጠለጠለው የብረት ሚዛን። የማይከፈተው ገመዱ ስለተበጠሰና በስድስት ድርብ ቀለም ስለተጣበቀ ነው። የአዲሱ ባለ ሁለት መስተዋት መስኮት ግን ማኅተሙ ሲለቅ መሃሉ ጉም ይሞላል፣ ያኔ ሙሉውን መጣል እንጂ የሚጠገን ነገር የለውም።

ሥራው፦ ስቱኮውንና ቀለሙን በእንፋሎት ማላላት (አቧራ አያነሣም)፣ መፋቅ፣ የበሰበሰውን ጥግ ቆርጦ በዚያው ዓይነት አሮጌ እንጨት መተካት፣ በተልባ ዘይት ማጥገብ፣ መስተዋቱን መመለስ፣ በተልባ ዘይት ስቱኮ መምታት። ስቱኮው ቆዳ እስኪያወጣ ሳምንት ከዚያም በላይ ይጠብቃል፤ ቀድሞ የተቀባ ቀለም ይሰነጠቃል። መስተዋቱ በትንፋሽ ተነፍቶ በሲሊንደር የተሠራ ስለሆነ ውጪውን ሲያሳይ ይወዛወዛል። ሦስት ተሰብረውብናል፣ ከፈራረሰ ቤት የወጣ አሮጌ መስተዋት ገዝተን ተካናቸው።

ወጪ በአንድ መስኮት፦ ከ60 እስከ 90 ዶላር ዕቃ። ጉልበት የራሳችን። ለቅዝቃዜው ከውጪ የሚደረብ ተጨማሪ መስኮት (ስቶርም ዊንዶው) ለሁሉም፣ 4,100 ዶላር።

ኦገስት፦ ኮርኒስ

ልስኑ ኖራ ከፈረስ ፀጉር ጋር፣ በቀጫጭን የእንጨት ርብራብ ላይ የተመረገ ነው። ያበጠው ከርብራቡ ስለለቀቀ ነው። ብዙ ሰው ጎትቶ ጥሎ ጂፕሰም ቦርድ ይመታል። እኛ ከላይ ቀዳዳ እያበጀን ማጣበቂያ እየወጋን፣ በሰፊ ቆብ ብሎን ወደ ላይ እየጫንን መለስነው። መሃሉ ላይ ያለው የአበባ ቅርጽ በቀለም ተደፍኖ ምን እንደሆነ አይለይም ነበር፤ በጥርስ ብሩሽና በእንፋሎት ስናጸዳው የወይን ቅጠል ሆኖ ወጣ። ጣሪያው ያፈሰሰበትን ጥግ ግን ማዳን አልተቻለም፤ ልስን ሠራተኛ ቀጥረን 3,200 ከፈልን። ሽማግሌ ሰው ነው፤ በሱ ዕድሜ ካሉት በቀር ይህን ሥራ የሚያውቅ እየጠፋ መሆኑን ነገረን።

ከአበባው መሃል የጋዝ ቧንቧ ወጥቶ አገኘን፤ ከኤሌክትሪክ በፊት የመብራቱ መስመር። የጋዝ ባለሙያ መስመሩ ከዋናው የተቆረጠ መሆኑን እስኪያረጋግጥ ድረስ በዚያ ክፍል ምንም ሥራ አልሠራንም።

ሴፕቴምበር

ኤሌክትሪክ። በሸክላ ማቀፊያ ላይ የተዘረጋውን የጥንት ሽቦ ኢንሹራንሱ አልቀበልም አለ፣ እኛም አንፈልገውም። ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሻን፣ 17 ሺህ ዶላር። ትልቁ ወጪ ይኼ ነው። በምድር ቤቱና በጣሪያው ሥር አዙሮ ልስኑን ሳይቀድ አብዛኛውን ስላሳለፈ ዋጋው ይገባዋል።

ወንድሜ የፊትና የኋላ ሳሎኑን የሚለየውን ግድግዳ አፍርሰን አንድ ሰፊ ክፍል እናድርገው ብሎ ነበር። የቤት ደላሎቹ ሁሉ የሚመክሩት ይህን ነው። ኤሌክትሪሻኑ ግድግዳውን ሲመረምር ውስጡ ክፍት መሆኑን አየ፤ ተንሸራታች በሮቹ እዚያው ተደብቀው፣ ከፊታቸው ጣውላ ተመቶባቸው ነበር። ጣውላውን አነሣን፣ የሐዲዱን ጎማ ቀየርን፤ ሲገፉ ክፍሉ አንድ ይሆናል፣ ሲጎተቱ ሁለት። ወንድሜ አሁን እንግዳ በመጣ ቁጥር እየከፈተና እየዘጋ ያሳያል። ወጪ፦ 45 ዶላር።

ኦክቶበር፦ ቁጥሮቹ

የላይኛው ፎቅ የመኝታ ቤት በሮች ላይ ከቀለሙ ሥር የናስ ቁጥሮች አሉ፦ 3፣ 4፣ 5። እያንዳንዱ በር የራሱ ቁልፍ አለው። አንዱ ክፍል ጥግ ላይ ትንሽ የእጅ መታጠቢያ። ባለቤቴ "ቤት ነው ወይስ ሆስፒታል? ይነቀሉ" አለች። የቪክቶሪያ ዘመን ቤት ጥገና የሚያውቁ ሰዎችም ያሉን ይህንኑ ነው፤ ከዋናው ዘመን ያልሆነ ስለሆነ ይወገድ።

የ1950 የሕዝብ ቆጠራ መዝገብ በ2022 ለሕዝብ ተከፍቷል። ቤታችንን ፈለግን። አንዲት ባልቴት ባለቤት፣ ልጇ፣ ከዚያ ደግሞ ተከራዮች፦ ተማሪ፣ አስተናጋጅ፣ የባቡር ሠራተኛ። ያኔ የመሃል ከተማ ሆቴሎች ለጥቁር እንግዳ ዝግ ነበሩ። በአጎራባቹ ብሉሚንግዴል ቤት ለጥቁር እንዳይሸጥ የሚከለክለው የውል ማሰሪያ በፍርድ ቤት ማስፈጸሙ የቆመው ገና በ1948፣ ከዚያው ከብሉሚንግዴል በተነሣ ክርክር ነው። ሰው የሚያድረው እንዲህ ባለ ቤት ነበር። ሁለት በር አለፍ ብለው ያሉት ጎረቤታችን፣ እዚሁ ተወልደው ያደጉ እናት፣ ቁጥር 4 ውስጥ የነበረው ሰው በባቡር መኝታ ፉርጎ ያገለግል እንደነበረና ሲመለስ ለሰፈሩ ልጆች ከረሜላ ያመጣ እንደነበረ አጫወቱን። ከቦታው ሳይነሡ የትኛው በር እንደሆነ በጣታቸው አሳዩን።

ለኔ የዚህ ቤት ዋጋ ከወይን ቅጠሉ ይልቅ በቁጥሮቹ ላይ ነው ያለው። የወይን ቅጠሉ በካታሎግ የተሸጠ ጌጥ ነው፣ በመቶ ቤት አለ። ቁጥሮቹ ቤቱ ማንን እንዳስጠጋ ይናገራሉ። ደግሞም እኛ ራሳችን፣ መጀመሪያ እዚህ ከተማ ስንገባ፣ አንድ ምድር ቤት ለአምስት ተከራይተን አድረናል። ባለቤቴ ተስማማች፣ በአንድ ቅድመ ሁኔታ፦ መታጠቢያው ይነቀል። ተነቀለ። ቁጥሮቹን በሎሚና በጨው አሸን መለስናቸው። ትንሿ ልጄ "እኔ አምስት ነኝ" እያለች ነው።

ኖቬምበር

ለብድሩ የቤት ገማች መጣ። መለኪያው ስኩዌር ጫማ፣ የመታጠቢያ ቤት ብዛት፣ የኩሽናው አዲስነት። ስለ መስኮቶቹ በፎርሙ ላይ የጻፈው አንድ ቃል ነው፦ አሮጌ። በሩ ላይ ያለውን ቁጥር አይቶ "ታከራያላችሁ?" ብሎ ጠየቀ። የታሪካዊ ሰፈር መሆኑን ግን ቦታው ላይ ደምሮ አስቦታል፤ ያ ዋጋ የመጣው ከአጠቃላዩ ሰፈር እንጂ እኛ ከሠራነው አይደለም። ጎረቤት ሁሉ ፊቱን ባይጠብቅ ኖሮ የኛ ጥገና በዶላር የሚጨምረው ነገር አይኖርም ነበር ማለት ነው።

እስካሁን የወጣው ወደ 38 ሺህ ዶላር። አጎቴ ገንዘብ አልቀበልም ስላሉ በስማቸው ወደ ጎንደር የአውሮፕላን ቲኬት ተቆርጧል፣ እሱ እዚህ ሒሳብ ውስጥ አልገባም።

ዲሴምበር

የኋላ ግድግዳ የላይኛው ግማሽ ለኤፕሪል ተላለፈ። ኖራ ከ40 ዲግሪ ፋረንሃይት በታች አይሠራም፤ ሳይጠነክር ውርጭ ካገኘው ይፈረፍራል። የተከፈተውን መገናኛ በላስቲክ ሸፍነናል፣ ከላይና ከታች ለአየር ክፍት ትተን። የተረፈው የኖራ ሊጥ ከላዩ ውሃ ተደርጎበት በባልዲ ምድር ቤት አለ፤ እንዳይቀዘቅዝ ከቦይለሩ አጠገብ።

ቀጣዩ የኋላ ጣሪያ ቦይ ነው። ጎረቤት ቤት ካለው ቦይ ጋር ስለሚገናኝ ሁለታችንም መስማማት አለብን። የመጀመሪያው ዋጋ 2,600 ዶላር ነው፣ ሌላ እየጠየቅን ነው። ቦይው ሳይሠራ ግድግዳውን መጨረስ ዋጋ የለውም።